የዊስቲን ሦስት ነጥቦች

ሰንሻይን በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ካለው የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ባንኮኒ ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜአለሁ። እኔ ሰውን የማውቀው በሚገዛው ዕቃ ነው። ርካሹን ሲያገላብጥ የሚውለውን አውቀዋለሁ፤ ወስዶ ከተጠቀመበት በኋላ «አልሆነኝም» ብሎ የሚመልሰውንም አውቀዋለሁ። የነሐስ ክዳን በደርዘን የሚገዛኝ ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ዊስቲን ሺክሉና።

ዊስቲን የጋዝ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እንደኔው ማልታዊ ሲሆን በስድስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር በመርከብ መጥቶ እዚሁ ያረጀ ሰው ነው። ቁመቱ አጭር፣ እጁ ትልቅ፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ዝግ ያለ። ሌላው በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው እሱን ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ እኔም ሁልጊዜ እተርበዋለሁ። «ዊስቲን፣ አንተ ስትመጣ ቤቱ አዲስ ነበር፤ ስትወጣ ቅርስ ሆነ» እለዋለሁ። «ቆሞ ከተገኘ ምን ቸገረሽ?» ይለኛል።

በቅርብ ዓመታት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥ ቤቱን ማደስ ያዘ። የጋዙ ምድጃ ይወጣል፣ የኤሌክትሪኩ ይገባል። ምድጃው ሲሄድ ቧንቧው ግን አይሄድም፤ ጋዝ እንዳረገዘ ግድግዳ ውስጥ ይቀራል። ዊስቲን መጀመሪያ ደጅ ወጥቶ ቆጣሪው ላይ ይዘጋዋል። ከዚያ ወለል ሥር ይገባና ቧንቧውን ከዋናው መስመር እስከሚገነጠልበት ድረስ ተከትሎ እዚያ ይቆርጠዋል። «የማይሠራ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ አይተውም፤ ነገ አንዱ ሥዕል ሊሰቅል ይበሳዋል» ይላል። አፉን በነሐስ ክዳን ካጠበቀ በኋላ ውሃ የያዘች ባለ ሁለት ክንድ የመስታወት ቱቦውን መስመሩ ላይ ይሰካና ቁጭ ብሎ ያያታል። ውሃዋ ዝቅ ካለች መስመሩ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው። እስኪያረጋግጥ ድረስ አይብ ያለበት ፓስቲዚውን ይበላል። ከዚያም ጋዙን ከፍቶ ክዳኑን የሳሙና ውሃ ይቀባዋል፤ አንዲት አረፋ ከተነፋች እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ሁሉ ካማረለት በምስማር ክዳኑ ላይ ሦስት ነጥብ ይመታበታል። ለምን ሦስት እንደሆነ ጠይቄው «አራተኛውን ስመታ አንድ ቀን ጣቴን አገኘሁት» ነው ያለኝ።

ወደ ናርዱ ልምጣ። ናርዱ ታቦኔ ቤት አዳሽ ነው፤ አፉ ማር፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። የዊስቲን አንድያ ልጅ የሮሚና የክርስትና አባት እሱ ነው። እኛ ዘንድ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል። ወንድምህን ወረቀት ፈርምልኝ ብትለው እሱ ይቀየምሃል፤ አበልጅህን ፈርምልኝ ብትለው ሰፈሩ ሁሉ ይቀየምሃል። የናርዱን የጋዝ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራው ዊስቲን ነው፤ በመካከላቸው አንድም የተጻፈ ቃል አልነበረም።

ችግሩ መንግሥት ወረቀት ይፈልጋል። ጋዝ የነካ ሰው «ሠርቻለሁ፣ ፈትኜዋለሁ» ብሎ በስሙና በፈቃድ ቁጥሩ የምስክር ወረቀት መላክ አለበት። ይህ ነገር ከጊዜ በኋላ በኮምፒዩተር ሆነ፤ ዊስቲን ደግሞ ከኮምፒዩተር ጋር ደመኛ ነው። ሮሚና በናርዱ ቢሮ ትሠራ ስለነበር ነገሩ ቀላል ሆነ፤ አባቷ ሥራ ሲጨርስ ይደውልላታል፣ እሷ ትልክለታለች። የይለፍ ቃሉን የሰጣት እዚሁ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ፣ እኔ እየሰማሁ ነው። ቃሉ የክርስትናዋ ዕለት ነበር፤ ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመተ ምህረቱ።

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» አልኩት ልጅቷ ስትወጣ፣ ለቀልድ።

«ከቀበርሽው በኋላ ማመኑ ምን ይሠራልሻል?» ብሎ ተቆጣኝ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና አደረገ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ስለዚህ ማን ያስታምመዋል ብዬ ተጨንቄ ነበር። ሮሚና ጉድ አሰኘችኝ። ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከሥራዋም ሳትጎድል፣ ከአባቷም ሳትለይ። እኔ ሾርባ ይዤ ስገባ እሱ በማደንዘዣው ተኝቷል፣ እሷ ቀስ እያለች ትጽፋለች። ግንባሯን ሳምኳት። «እንዲህ ያለች ልጅ ለሁሉም ይስጥ» አልኩ። ዊስቲንም ሲነቃ በዚያ በተሳሰረ አንደበቱ ነርሷን «እያት፣ ልጄን እያት፣ ሥራዋን ይዛ መጣች» ይላት ነበር። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ቀንቶበታል፤ እኔ ራሴ ቀንቼበታለሁ።

ጥቅምት ውስጥ፣ ሐሙስ ዕለት ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ፣ ዊስቲን ክዳን ሊገዛ መጥቶ እየተጨዋወትን ስልኩ ጮኸ። አንድ ጆሮው ስለማይሰማ ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ ሁሉን ሰማሁ።

«ሚስተር ሺክሉና?» አሮጊት ናት፤ አነጋገሯ የቬትናም።

«ነኝ፣ እመቤት።»

«የወጥ ቤቴን ጋዝ የዘጉት እርስዎ ነዎት። ይሸተኛል። መሳቢያውን ስከፍት ይሸተኛል፣ ራሴንም ያመኛል።»

ዊስቲን ቤቷን ጠየቃት። ከሱቃችን ጀርባ ካለው መንገድ ነው። «እመቤት፣ እኔ እዚያ ቤት ገብቼ አላውቅም» አላት።

«እንዴት አያውቁም? ወረቀቱ ላይ ስምዎ አለ። ስልክዎን ያገኘሁትስ ከየት ነው?»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም። «እሱን በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ይስሙኝ። መብራት አያብሩ፣ አያጥፉም። ክብሪት አይጫሩ። በሩን እንደከፈቱ ይውጡና ደጅ ይጠብቁኝ። መጣሁ።»

የደወለችውን ወይዘሮ ሉየንን እኔም አውቃታለሁ፤ ሎሚዋ ሲያፈራ ለሱቁ በፌስታል ታመጣልናለች። የዊስቲን ጉልበት ገና እንደልቡ ስለማይታጠፍ ባንኮኒውን ለባልደረባዬ ትቼ ተከተልኩት።

ሎሚው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ዊስቲን ቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄዶ ጋዙን ዘጋና በርና መስኮቱን ሁሉ በረገደው። ሽታው እስኪወጣ ደጅ ቆምን። ሴትዮዋ ዝም ማለት አልቻለችም።

«እንኳን ዛሬ ሆነ» አለችኝ። «እሁድ የባለቤቴ ሙት ዓመት ነው። ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ይመጣሉ፤ አሥራ አራት ነን። ፎቶው ፊት ሻማ እናበራለን።»

«ፎቶው የት ነው ያለው?» አላት ዊስቲን።

«ወጥ ቤት። ምግብ ይወድ ስለነበር።»

ዊስቲን ዞር ብሎ ቆጣሪውን እንደገና ነካካው፤ መዘጋቱን ግን ቀድሞ ያውቃል።

ባትሪውን ደጅ አብርተን ይዘን ገባን። የታችኛውን መሳቢያ አወጣና እያቃሰተ በሆዱ ተኛ። እኔ አበራሁለት። ክዳን የለም። ቧንቧው በፒንሳ ተጨፍልቆ፣ አንዴ ታጥፎ፣ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ለመብራት ገመድ የሚሆን ናስትሮ! እኔ እንኳ ቧንቧ በእጄ ቆርጬ የማላውቅ ሴት ደሜ ፈላ። ዊስቲን ናስትሮውን በጥፍሩ ትንሽ ላጥ አድርጎ አሸተተው።

«ይኼ ነው በኔ ስም?» አለ።

ከዚያ ወለል ሥር ገባ፣ ከዋናው መስመር ቆረጠ፣ ክዳኑን አጠበቀ፣ ቱቦዋን ሰክቶ ውሃዋን አያት። ፓስቲዚውን ከኪሱ አላወጣም። ሳሙናውን ቀባ፤ አረፋ አልወጣም። ሦስቱን ነጥብ ሲመታ ከወለሉ በታች ድምፁ ተሰማኝ። ልብሱን ሳያራግፍ ወጣና «ወረቀቱን ያሳዩኝ» አላት።

አመጣችለት። ስሙ አለ፣ የፈቃድ ቁጥሩ አለ፣ «በዚህ ዕለት ሠርቼ ፈትኜዋለሁ» የሚል አለ። ጣቱን ቀኑ ላይ አሳረፈ።

«ዶሪ፣ ሐምሌ አሥራ አራት የት ነበርኩ?» አለኝ።

«ሆስፒታል። ጉልበትህን የተቀደድክበት ዕለት ነው።»

«ወጥ ቤቱን ማን አደሰልዎ?» አላት ወይዘሮ ሉየንን፤ መልሱን ግን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል።

«ሚስተር ናርዱ። በጣም ጥሩ ሰው። ያስቀኛል።»

የናርዱ መጋዘን አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ናርዱ ጣውላ እየለካ ነበር፤ ሲያየን እጁን ዘረጋ።

«አበልጅ! ጉልበቱ እንዴት ነው? መቼ ነው የምንጨፍረው?»

ዊስቲን የተጨፈለቀውን የቧንቧ ቁራጭ ጣውላው ላይ አኖረው። ናርዱ ከጎን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሳቀ።

«ይቺ ናት ያኮራፈችህ? ሰውዬ፣ ሸተተች እንጂ መች ፈነዳች!»

«እሁድ እዚያ ወጥ ቤት አሥራ አራት ሰው ሻማ ሊያበራ ነበር።»

«አላበሩማ።»

«ስንት ቤት ነው እንዲህ ያደረግኸው?»

«አንተ ስትተኛ ሥራው ይቁም እንዴ? ደንበኛው በየቀኑ ነፍሴን ያወጣታል። በበሽታህ ላይ ላስቸግርህ ነበር? ለአንተው ብዬ ነው እኮ።»

«ስንት?»

«አሥር፣ አሥራ አንድ ቢሆን ነው። ሲሻልህ ዞር ዞር ብለህ ታያቸዋለህ ብዬ ነበር። ረሳሁት። ሰው አይረሳም?»

ዊስቲን ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ዕለትም አልጮኸም። «ስሜን ሰረቅኸኝ፣ ናርዱ። ልጄን በክንድህ ታቅፈህ መሠዊያ ፊት ቃል የገባህ ሰው ስሜን ሰረቅኸኝ።»

«ሌባ አትበለኛ!» ናርዱ አሁን ተቆጣ። «እኔ ኮምፒዩተር መክፈት እንኳ የማላውቅ ሰው! ስምህን አንድ ቀን በእጄ አልነካሁትም!»

ወዲያው አፉን ያዘ፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። እኔም ነገሩ ገባኝ፤ ያን ሰዓት ምነው ባልመጣሁ አልኩ። ዊስቲን ቁራጩን አንስቶ ኪሱ ከተተና ወደ መኪናው ሄደ።

መኪናውን እኔ ነዳሁ። ቤቱ እስክንደርስ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፤ «አታሏት ነው። አላወቀችም።» ሁለት ጊዜ አለው። እኔም «ልክ ነህ» አልኩት፤ ምን ልበል?

ሮሚና ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ እሱ ዘንድ ትመጣለች። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ገባች፤ ቁልፏን እያንቀጫቀጨች፣ ዳቦ ይዛ። ልሄድ ስነሳ ዊስቲን በእጁ አስቀመጠኝ።

«ሮሚና፣ የወይዘሮ ሉየንን ወረቀት ማን ላከው?»

«የትኛዋ?»

«ሐምሌ አሥራ አራት።»

ዳቦውን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«ናርዱ አታሎሽ ነው።» የጠየቃት አይደለም፤ መውጫ በር ከፈተላት። አዎ ብትለው ኖሮ በሩን ከኋላዋ ዘግቶ ሁሉን በናርዱ ላይ ይጥለው ነበር። አይቼዋለሁ። ዓይኑ እየለመናት ነበር።

«አላታለለኝም» አለች። «እዚያ ቤት እንዳልሄድክ አውቃለሁ። የቀረው አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች። ክርስትና አባቴ ‹እኔ እዘጋዋለሁ፣ አባትሽ ሲሻለው ያየዋል› አለኝ። ለአንተ ብነግርህ በክራንች ተነስተህ ትሄዳለህ። ደግሞ ቢሮውን ለኔ ሊያስረክበኝ ነው፤ እምቢ ብለው…» አልጨረሰችውም።

«ካገገምኩ በኋላስ? ሦስት ወር ሙሉ?»

«እንደ ቀላል ነገር አየሁት… በየቀኑ ‹ነገ እነግረዋለሁ› እል ነበር።»

«ምን ጊዜ ላክሽው?»

«ተወው አባዬ።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ቀንና ሰዓት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምን ጊዜ?»

«ተኝተህ» አለች። «ሆስፒታል። አጠገብህ ተቀምጬ።»

የሳምኳት ግንባር ትዝ አለኝ። ያ ቀስ እያለች ትጽፍ የነበረው፣ እንዳትቀሰቅሰው የመሰለን! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሲጥል በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ዊስቲን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸው ጀመር። «ነርሷን ጠርቼ አሳየሁሽ» አለ። «ጠርቼ አሳየሁሽ እኮ።»

ሮሚና አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋላትና «ቤቶቹን ጻፊልኝ፤ ሁሉንም» አላት። አሥራ አንድ ቤት ጻፈች። አንዱንም ለማስታወስ አልተቸገረችም፤ ከሁሉ ይበልጥ ያቆሰለው እሱ ይመስለኛል። ጽፋ ስትጨርስ ልታቅፈው እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን ስልኩን አነሳ። ቁልፏን ይዛ ወጣች፤ ዳቦው እንደተጠቀለለ ቀረ።

ለጋዝ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደውሎ በራሱ ላይ ተናገረ። የልጁን ስም ሲጠይቁትም አልደበቀም። «የይለፍ ቃሌን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። እነሱም የእያንዳንዱ ቤት ጋዝ በዚያው ምሽት እንዲዘጋ አደረጉ። በማግስቱና ቅዳሜ ዊስቲን ከተቆጣጣሪው ጋር አሥራ አንዱንም ዞረ። ዘጠኙ በናስትሮ ነበሩ። የወይዘሮ ሉየን ሻማ እሁድ በሰላም በራ፤ ሰኞ አንድ ፌስታል ሎሚ አመጣችልን።

የዊስቲን ፈቃድ ለስድስት ወር ታገደ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ብዬ እኔ ተንጨረጨርኩ፤ እሱ «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብሎ ዝም አሰኘኝ። የናርዱ ክስ ገና አላለቀም። የሚያናድደኝ ግን የሰፈራችን ሰው ነው። ግማሹ እኮ «አበልጁን አሳልፎ ሰጠ» ይላል! አንዷማ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንዲህ ስትለኝ «አንቺም ወጥ ቤትሽን በናስትሮ ይዝጉልሽ» ብያት ገባሁ። ሮሚና ከናርዱ ቢሮ ወጥታለች። ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፤ በር ይከፍትላታል፣ ሻይ ያፈላላታል፣ ስለ አየሩ ይጠይቃታል።

እኔ የማልረሳው ግን ያንኑ ሐሙስ ነው። መሥሪያ ቤቱ «የይለፍ ቃልዎን አሁኑኑ ይቀይሩ» ብሎት ስልኩን ዘጋ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነን። በስልኬ ገጹን ከፈትኩለት። ገጹ አሮጌውን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ዊስቲን የልጁን የክርስትና ዕለት ቀን፣ ወር፣ ዓመት እያለ አንድ በአንድ ነገረኝ፤ እንደ ጸሎት በቃሉ ነው የሚያውቀው። አዲሱን ሲጠይቀኝ ጣቴን አቁሜ አየሁት።

«የባለቤትህን ልደት ላድርገው?»

«የሰው ነገር አይሁን።»

አሰብኩ አሰብኩና የነሐስ ክዳኑን የዕቃ ቁጥር ጻፍኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሸጥኩለት ቁጥር ነው፣ እሱም አይረሳውም። «አለቀ» አልኩት፤ ላጽናናው ፈልጌ፣ «ከአንተና ከኔ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ክፉ ዓይን አልነበረም፤ ደግ ሰው ሲያፍር የሚያየው ዓይነት ነበር።

«ስልኩን ስጪኝ፣ ዶሪ» አለ።

ሰጠሁት። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቀው ሰው ወንበሩን አዞረና ጀርባውን ሰጠኝ። በዚያ በትልቅ ጣቱ አንድ ፊደል፣ ቆይቶ አንድ ፊደል፣ እየተሳሳተና እየሰረዘ ብቻውን ቀየረው። እኔ ዳቦውን ስፈታ፣ ስቆርጥ፣ መልሼ ስጠቀልል ቆየሁ። አልቀየምም ብዬ ነበር። ተቀየምኩ።